ዱንጉዛ ላይ የጻፍኩት ግጥም

«እኔ የማየው በስልኬ ነው እያልኩሽ እኮ ነው!»

«እኔ ደግሞ የሚታረመው በላፕቶፕ ነው እያልኩህ ነው፣ አባዬ። መምህራችን ስልኩን አውጥቶ አይደለም ማርክ የሚሰጠው።»

«እሺ፣ ይቺ መስመር ምን ትላለች?»

«ራስህ አንብባት። መነጽርህን አድርግ።»

«አድርጌያለሁ።»

ልጄ ሜሮን ከላፕቶፑ ቀና ብላ አየችኝ። መነጽሬ እውነትም አፍንጫዬ ላይ ነበር። ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች፤ ክርክሩን ግን አልተወችም። ዩኒቨርሲቲ ከገባች ገና የመጀመሪያ ዓመቷ ነው። በሕይወቷ የመጀመሪያ የሆነውን ድረ ገጽ ሠርታ፣ ነገ ከማስረከቧ በፊት እስኪ እየው ብላ የሰጠችኝ እሷው ናት። አርባ ምንጭ አጠገብ ስላለችው ስለ ላንቴ ሙዝና ማንጎ ነው። በላፕቶፗ ላይ ሲታይ ያምራል፤ ሙዙ ከነቅጠሉ፣ ማንጎው ከነጤዛው ተደርድሯል። በእኔ ስልክ ላይ ግን ገጹ ከመስታወቱ አልፎ ወደ ቀኝ ይሄዳል። አንዷን ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ በጣቴ መጎተት ነበረብኝ። ፊደሉ ደግሞ ነጭ ላይ የተነሰነሰ አመድ ይመስላል።

«ማንም ሰው አላማረረም» አለች።

«ማንን አሳየሽ?»

«ጓደኞቼን።»

«ጓደኞችሽ ሁሉ የሃያ ዓመት ዓይን ነው ያላቸው።»

ወደ ላፕቶፗ ዞረች። ስልኬን አስቀመጥኩ፤ የተናደድኩ መስሏት ይሆናል። አልነበረም። ያ አመድ የመሰለ ፊደል ወስዶ ሌላ ገጽ ፊት አስቀምጦኝ ነበር፤ ከእሷ እጅግ የባሰ፣ እኔ ራሴ የሠራሁት፣ በቀይና በቢጫ የተቃጠለ ገጽ።

ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ውጤቴ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ አርባ ምንጭ፣ ታችኛው ሰፈር ሲቀላ፣ እህቴ ቤት ተጠግቼ ግጥም እጽፍ ነበር። ማን ግጥም አስተማረህ ብትሉኝ ማንም። የሙዝ ካርቶን ክዳን ላይ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ፣ ባገኘሁት ላይ እጽፋለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም ነበር። ጠዋት ላይኛው ሰፈር ሴቻ ወጥቼ ሁለቱን ሐይቆችና በመካከላቸው ያለችውን ቀጭን የምድር ድልድይ ከላይ አያለሁ፤ ከሰዓት ወርጄ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ እቆማለሁ። በየመንገዱ ሁሉንም አያለሁ፣ ሁሉንም እጽፋለሁ። አንባቢ ግን አንድ ብቻ ነበረኝ።

ጋሽ ቶማስ ይባላሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፤ ሲቀላ ውስጥ የነበረችውን አንዲት ጠባብ ንባብ ቤት ቁልፍ የሚይዙት እሳቸው ነበሩ። የጻፍኩትን ሁሉ ወስጄ እሰጣቸዋለሁ፤ በቀይ እስክሪብቶ ሳይሆን በጥፍራቸው ከደከመችው ቃል ሥር ይጭራሉ። ወረቀቱን ስቀበል ጭረቱን በጣቴ እየዳበስኩ ነው የማገኘው። ከዚያ የዓይን ግፊት ያዛቸው። መጀመሪያ ወረቀቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ፣ ቆይተው ወደ ጎን ማዘንበል ጀመሩ፣ በመጨረሻ መቀበሉንም ተዉት።

«ላንብብልዎት?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ተወው ማቴ» አሉኝ። «ግጥም በሌላ ሰው አፍ ሲመጣልኝ፣ ሌላ ሰው አኝኮ እንዳጎረሰኝ ነው።»

እሳቸው ማንበብ ካቆሙበት ቀን ጀምሮ ለማን እንደምጽፍ አላወቅኩም።

በዚያው ዓመት ሴቻ ላይ አንድ የኮምፒውተር ማሰልጠኛ ተከፈተ። አሰልጣኛችን ሰብለ ትባላለች፤ ከአዲስ አበባ ገና ተመርቃ የመጣች፣ ቁመቷ አጭር፣ ቀልዷ ረጅም ሴት። ያኔ «ድረ ገጽ» የሚል ቃል አልለመድንም፤ «ዌብ ፔጅ» ነው የምንለው። በነገራችን ላይ ኢንተርኔት ያየ ከመሃላችን አንድም አልነበረም። ውሃ በሌለበት ዋና እንደመማር ነው። የሠራነውን በፍሎፒ ይዘን፣ እዚያው ኮምፒውተር ላይ ከፍተን፣ ዓለም ሁሉ ያየን ያህል እንኮራለን። ከኮምፒውተሮቹ ብዙዎቹ አዲስና ሰፊ መስታወት ያላቸው ነበሩ። ጥግ ላይ የተቀመጠችው አንዲት ግን መስታወቷ ትንሽ፣ ቀለሟ የደበዘዘ ነበረች። «አሮጊቷ» ነበር የምንላት። ማንም አይቀርባትም።

ሥልጠናው ሊያልቅ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰብለ የመጨረሻውን ፈተና ነገረችን።

«እኔ አላርማችሁም» አለች። «እያንዳንዳችሁ ከውጭ አንድ ሰው ይዛችሁ ትመጣላችሁ። ኮምፒውተር የማያውቅ ቢሆን ይመረጣል። ገጻችሁ ፊት ይቀመጥና ያነባል። ሠሪው አፉን አይከፍትም። አይጠቁምም፣ አያስልም፣ አያቃስትም። እንግዳው አንብቦ ከጨረሰ አልፋችኋል። አንደኛ የወጣው እኔ ጋ ረዳት ሆኖ ይቀራል።»

ረዳት ሆኖ መቅረት ለእኔ አርባ ምንጭ መቅረት ማለት ነበር። ካልሆነ ጨንቻ፣ የእናቴ ወንድም ጋ ወጥቼ ሽመና እንድገባ ቤተሰብ ወስኗል። ሽመናን ንቄ አይደለም። ግን ከሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጬ ሐይቆቹን እንደማላይ አውቅ ነበር። ማንን እንደምወስድ ለማሰብ ግን አንድ ደቂቃም አልፈጀብኝም።

«ጋሽ ቶማስን» አልኩ።

ጎኔ የተቀመጠው ብሩክ ዞረብኝ። ገጹ ላይ ፊደል የሚያስሮጥ፣ ኮከብ የሚያበራ ልጅ ነበር፤ ከሁላችንም ፈጣኑ።

«ባለቅኔው! ዓይነ ስውር ይዘህ ልትመጣ ነው?»

«ዓይነ ስውር አይደሉም።»

«ታዲያ ምንድን ናቸው?»

«አንባቢ።»

አፌ ይህን አለ እንጂ እጄ የሠራው ሌላ ነበር። ገጼ የጋሞ ልጅ ገጽ እንዲሆን ፈልጌ፣ ከበስተጀርባው ሙሉውን ዱንጉዛ አደረግኩት። ዱንጉዛ ለማያውቅ፣ በቀይ፣ በቢጫና በጥቁር የሚሸመን የእኛ የበዓል ልብስ ነው። በሥዕል መሣያው ፕሮግራም አንዷን ካሬ ከሌላዋ እያስጠጋሁ ሦስት ቀን ሙሉ ሣልኩት። የአማርኛው ፊደል በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ስለተጫነ፣ በሌላ ላይ ሲከፈት ወደ ኮተት ምልክት እንዳይለወጥብኝ ግጥሞቼን ወደ ሥዕል ለወጥኳቸው። በላዩ ላይ በነጭ ለጠፍኳቸው። የገጹን ስፋት በአዲሶቹ ኮምፒውተሮች ልክ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ፣ በቁጥር ቸነከርኩት። ልጆቹ ከበው አደነቁ። ብሩክ እንኳ «ይሄስ ያስፈራል» አለ። ሰብለ መጥታ ከኋላዬ ቆመች፤ ቆይታ አየችው።

«በአሮጊቷ ከፍተህ አየኸው?» አለችኝ።

«ለምን ብዬ?» አልኳት። ትከሻዋን ነቅንቃ ሄደች።

ቅዳሜ ጋሽ ቶማስን ከሲቀላ በሚኒባስ ይዣቸው ወጣሁ። ለማለማመድ ነው ያልኳቸው፤ እውነቱን ለመናገር ላስደንቃቸው ነበር። አዲሶቹ ሁሉ ተይዘው አሮጊቷ ብቻ ነበረች ክፍት። ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸውና ፍሎፒዬን ከተትኩ። ዱንጉዛዬ ቀስ እያለ ከላይ ወደ ታች ወረደ።

ጋሽ ቶማስ ፊታቸውን አስጠጉ። ወደ ጎን አዘነበሉ። እንደገና አስጠጉ።

«የታለ ግጥሙ?»

«መሃል ላይ ነው ጋሼ።»

«እኔ የማየው ዱንጉዛ ነው።»

ጎንበስ ብዬ እኔም አየሁ። በዚያች በደበዘዘች መስታወት ላይ ነጩ ጽሑፍ ቢጫው ውስጥ ሰምጧል። ይባስ ብሎ ስፋቱ ስላልበቃት የእያንዳንዱ ስንኝ የቀኝ ግማሽ ከመስታወቱ ውጭ ቀርቷል። ቤት መምቻዎቼ በሙሉ የሉም! ፊደሉን ላተልቀው ሞከርኩ፤ ሥዕል አይተልቅም።

«ዱንጉዛው ግን ያምራል» አሉ ሊያጽናኑኝ።

ከዚህ በላይ የሚያም ነገር ከሰው አፍ ወጥቶ ሰምቼ አላውቅም። በሚኒባስ ወረድን። ሲቀላ ስንደርስ፣ ከመውረዳቸው በፊት ክንዴን ያዙኝ።

«ሌላ ሰው ውሰድ ማቴ። እኔ አበላሽብሃለሁ።»

በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ እግሬ ዝም ብሎ ወደ ጨንቻ ወሰደኝ። ሲከፋኝ የምሄደው ወደዚያ ነው። የጭነት አይሱዙ ላይ ከሽንኩርት ጆንያ ጋር ተሳፈርኩ። ላንቴ ላይ ሙዙ መንገድ ዳር ተከምሯል፤ አየሩ ይሞቃል፣ ይጣፍጣል። ከዚያ መኪናው ተጠምዝዞ ሽቅብ ሲያያዘው ሙቀቱ እንደ ልብስ ከላይህ ይወልቃል። የሚያዝያ ዝናብ መንገዱን ሳሙና አድርጎታል፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ገፋን። ቀርከሃውና እንሰቱ ጉም ውስጥ ቆሟል። አጎቴ አንጁሎ ቤት ስደርስ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ነበርኩ።

አጎቴ ሽመና ላይ ነበር። መወርወሪያው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ጋቢው በአንድ ክር፣ በአንድ ክር ያድጋል። ዝም ብዬ ጎኑ ተቀመጥኩ። ለነገር ያህል፣ በጋሞኛ፣

«ይህ የማን ነው?» አልኩት።

«የሚገዛው ሰው ነዋ።»

«ረጅም ነው አጭር?»

መወርወሪያውን አቆመ። ያመመኝ መስሎት ነው መሰል ፊቴን አየ።

«ጋቢ የሰው ቁመት ምን ይሠራለታል? ረጅሙ አንድ ጊዜ ይጠመጥመዋል፣ አጭሩ ሁለት ጊዜ። ሴትየዋ ልጅ ታዝልበታለች። ልክ የሚለካው ኮት የሚሰፋ ሰው ነው።»

በዚያ ሰዓት ነው ነገሩን በሙሉ የነገርኩት፤ ዱንጉዛውን፣ ጋሽ ቶማስን፣ የተቆረጡትን ስንኞች። ኮምፒውተር ምን እንደሆነ አላውቅም አለ፤ ዱንጉዛውን ግን ሲሰማ እስኪያስለው ሳቀ።

«ዱንጉዛ ሱሪ ነው፣ የእህቴ ልጅ! ሱሪ ላይ ይጻፋል እንዴ?»

ከዚያ ሳቁን ዋጠና የጀመረውን ጋቢ ጠርዝ በሁለት ጣቱ ይዞ አሳየኝ። «እየው። ጥለቱ እዚህ ነው፤ ጠርዝ ላይ። ከሩቅ ያየ ሰው የማን እጅ እንደሆነ ያውቃል። መሃሉን ነጭ ነው የምተወው። ሰውየው የሚያርፈው እዚያ ነው።»

ተነስቼ ቆምኩ።

«ወዴት ነው?»

«አርባ ምንጭ።»

«አሁን መጣህ እኮ! ቆጮው ገና አልወጣም!»

ቆጮውን በዳጣ፣ ቆሜ በላሁት። ምላሴ እየተቃጠለ አይሱዙው ላይ ዘለልኩ።

ሰኞ ጠዋት ማሰልጠኛው ሳይከፈት በር ላይ ነበርኩ። ሦስት ቀን የሣልኩትን ዱንጉዛ ቆረጥኩት። የግራው ጠርዝ ላይ አንድ ቀጭን ጥለት ብቻ ተረፈው። መሃሉን ነጭ፣ ፊደሉን ጥቁር አደረግኩ። የቸነከርኩትን ስፋት ነቅዬ፣ የተከፈተበትን መስታወት ያህል ስፋ አልኩት። ያን ጊዜ ስንኞቹ ቦታ ሲጠባቸው ከመቆረጥ ይልቅ እጥፍ ብለው ወደሚቀጥለው መስመር መውረድ ጀመሩ፤ አጭር ሰው ላይ እንዳለ ጋቢ። ሥዕል ያደረግኳቸውን ግጥሞች ደግሞ እንደገና አንድ በአንድ በፊደል ጻፍኳቸው። ሰብለን ለምኜ የአማርኛውን ፊደል አሮጊቷ ላይ ጫንኩላት።

«አሁን ገና ጠየቅከኝ» አለች ሰብለ። ገጹ ላይ ያስገባሁት የሐይቆቹ ሥዕል ካልመጣ ወይም ካልታየ፣ ምን እንደሆነ የሚናገር ቃል ከሥሩ እንዴት እንደሚቀመጥ አሳየችኝ። ገጹ አናት ላይ «ትልቅ ፊደል» የሚል፣ ሲጫኑት ሁሉንም የሚያተልቅ ማስፈንጠሪያ ያስቀመጥኩት ግን እኔው ነኝ።

የቀረው ጋሽ ቶማስ ናቸው። ቤታቸው ሄድኩ፤ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ እየሰሙ ነበር።

«አልመጣም አልኩህ እኮ።»

«ማንበብ ካልቻሉ ጥፋቱ የእኔ ነው ጋሼ። የእርስዎ አይደለም። እሱን እንዲነግሩኝ ነው የምፈልግዎ።»

ሬዲዮውን ቀነሱት። «ካላየሁ አላየሁም እላለሁ። ሰው ፊት አልዋሽልህም።»

«እንዳይዋሹልኝ ነው የመጣሁት።»

የፈተናው ቀን ክፍሉ በእንግዶች ተሞላ፤ ባለሱቅ፣ ነርስ፣ አንዲት ዓሣ ሻጭ ሳትቀር ነበረች። የትኛው ኮምፒውተር ለማን እንደሚደርስ ሰብለ በየተራው ዕጣ ታወጣ ነበር፤ የወጣውም ዕጣ ተመልሶ ይገባል። ብሩክ ከእኔ በፊት ነበር፤ አሮጊቷ ደረሰችው። ይዞት የመጣው የአጎቱ ልጅ፣ ዓይኑ የንስር የሆነ ሹፌር፣ ተቀመጠና ጥቂት አይቶ ጮኸ።

«ወንድሜ፣ ፊደሎችህ እየሮጡ ነው! ቁሙ በላቸው!»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ብሩክ አፉን በእጁ ይዞ ቆመ። ልስቅበት ስል የእኔ ዕጣ ተገለጠ። እኔም አሮጊቷ።

ጋሽ ቶማስ ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። ነጩ ገጽ ወጣ። ፊታቸውን አስጠጉ። ወደ ጎን አዘነበሉ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ጥርሴን ነክሼያለሁ። ረጅም ጊዜ ምንም አልሆነም። ከዚያ ጣታቸው ተነስቶ መስታወቱን ነካ፤ «ትልቅ ፊደል» የሚለውን።

«ይህን ልጫን?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ማውሱን ያዙ፤ በመጀመሪያው ጠቅታ ሳቱት። በሁለተኛው አገኙት። ፊደሎቹ ሁሉ ደረታቸውን ነፍተው መጡ፤ ከመስታወቱ የወጣ አንድም አልነበረም። ጋሽ ቶማስ ወደ ኋላ ተደገፉ። ማንበብ እንደቻሉ ያወቅኩት መደገፋቸውን ሳይ ነው፤ የሚያጎነብሱት ማየት ሲያቅታቸው ነበር። ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ቆየ፣ ቀጥሎ ድምፅ ሆነ፤

ሁለት ሐይቅ ተኝተው ጀርባ ለጀርባቸው፣
አንድ ቀጭን ድልድይ ነው ያስታረቃቸው።
እኔና አንተም እንዲህ ዘመን ስንቆጥር፣
አንድ ቀጭን ስንኝ በቃን ለመናገር።

ዓሣ ሻጯ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ሁሉም ጋሽ ቶማስ የሚያለቅሱ፣ የሚያመሰግኑ መስሎት ሲጠብቅ፣ እሳቸው የመስታወቱን አንድ ቦታ በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ።

«ሦስተኛዋ ስንኝ ትደክማለች» አሉ። «ሌላ ፈልግላት።»

«የቱ ጋ?» አልኩ ጮኼ።

«ማቴዎስ! አፍ!» አለች ሰብለ፤ ግን እየሳቀች ነበር። እንደ ደንቡ በዚያች ቃል መውደቅ ነበረብኝ። «ለነገሩ አንብበው ጨርሰዋል» አለች፣ መዝገቧ ላይ እየጻፈች።

አልጨረሱም ነበር። ገጹ ላይ ሰባት ግጥም ነበረ፤ ሰባቱንም አነበቡ። ተራ የሚጠብቅ ሰው ነበር፣ ማንም ግን ይነሱ አላለም። ብሩክ ወንበር ስቦ ከጎናቸው ተቀመጠና ሲጨርሱ፣ «ጋሼ፣ የእኔንም አንዴ ያዩልኛል? አቆማቸዋለሁ» አላቸው።

ረዳት ሆኜ ቀረሁ። የዚያን ዕለት ግን ትዝ የሚለኝ እሱ አይደለም። ጋሽ ቶማስ ሚኒባስ አልፈልግም ብለው፣ ከሴቻ እስከ ሲቀላ ቁልቁለቱን በእግር ወረድን። ዝናቡ አባርቶ መንገዱ ይጤሳል። መንገድ ዳር የተጠበሰ ዓሣ በላን፤ ጣታችንን እየላስን ስለዚያች ስንኝ ስንጨቃጨቅ ዓሣ ጠባሿ የተጣላን መስሏት ነበር። ሦስት ጊዜ ለወጥኳት። አንዷንም አልወደዱልኝም። ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው አሮጊቷ ፊት ይቀመጡ ነበር፤ ያቺ ወንበር የእሳቸው ሆነች።

ይህንን ሁሉ ለሜሮን ነገርኳት። አልፎ አልፎ የላፕቶፑን ቁልፎች ስትመታ እሰማት ነበር፤ የምታዳምጠኝም አልመሰለኝም። እኔም ለምን እንደምነግራት በደንብ አላወቅኩም። ምናልባት ልጅ ሳለሁ ብዙ ሰው እንዲያደንቀኝ እሮጥ ስለነበር፣ ትልቁ ድሌ ግን አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ የተደገፈባት ቅጽበት ስለሆነች ይሆናል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጭብጨባ ሰምቻለሁ፤ ያቺን ጀርባ የሚያህል የለም።

«አሁን ክፈተው» አለችኝ።

ስልኬን ከፈትኩ። ገጹ በመስታወቱ ልክ ቁጭ ብሏል። ሙዙ ከላይ፣ ማንጎው ከሥሩ፣ ፊደሉ ጥቁር። አንዷን ዓረፍተ ነገር ጣቴን ሳላነሳ ጨረስኩ።

«ለእኔ በቂ ነው።»

«ለአንተ ማን ጠየቀ?» ስልኩን ከእጄ ወሰደች። «እማማ ውዴ ቤት ናቸው?»

ጎረቤታችን እማማ ውዴ ዓይናቸው ደክሞ የስልክ ቁጥር ሁሉ በትልልቁ ግድግዳ ላይ የሚያስጽፉ ሴት ናቸው። «አሉ» ብዬ ልከተላት ተነሳሁ።

«አንተ ቁጭ በል፣ አባዬ» አለች፣ ከበሩ ላይ ዞራ። «አፍህን መያዝ አትችልም።»

ወጣች። በሩ ከኋላዋ ድርግም ብሎ ተዘጋ።